ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ወሎን ለማያውቅ እንግዳ የመኖሪያ ምርጫ

መስከረም ሲጠባ ወሎ ብዙ አዲስ ሰው ይገባል። አዲስ የተመደበ መምህር ይመጣል። ነርስ ይመጣል፣ የባንክ ሠራተኛ ይመጣል፣ ለፋብሪካ የተቀጠረ መሐንዲስ ይመጣል። ከዐረብ አገር ተመልሳ በቆጠበችው ገንዘብ ሱቅ ልትከፍት ያሰበች ሴትም ትኖራለች። ገጠር ወሎ ተወልዳ ብታድግ እንኳ ከተማው ለእሷ ባዕድ ነው። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። «የት ብኖር ይሻለኛል? ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?»

አብዛኛው ሰው መልሱን በአየሩ ይሰጣል። ደሴ ይበርዳል፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ በቃ። ሌላው በኪራይ ዋጋ ይመልሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን በቂ አይደሉም። ለብርዱ ጋቢ አለ፣ ለሙቀቱ መስኮት አለ። እንግዳን ሰው ዓመት ሳይሞላው ዝውውር የሚያስጠይቀው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ማታ በጨለማ ይገባል። ጎረቤቱ ስሙን አያውቀውም። ቢታመም የሚያንኳኳለት የለም።

ስለዚህ እዚህ ሁለቱን ከተሞች፣ የቤት ዓይነቶችንና የቅሬን፣ ማለትም የሰፈር እድርን፣ ጉዳይ የማወዳድረው በአንድ መለኪያ ነው። የትኛው ምርጫ ነው ሰፈሩ ቡና ሲያፈላ ቤታችሁ የሚያደርሳችሁ? ወሎ ውስጥ ሰው ከሰው የሚተዋወቀው እዚያ ነው።

ሁለቱ ከተሞች

ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጧል። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወረድ ብሎ ነው፤ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራልና በሁለቱ መካከል አራት ዲግሪ ገደማ ልዩነት ትጠብቃላችሁ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደሴ ላይ ያደረ ሰው ግን ትንሽ ነው አይልም።

ደሴ የቆየ ከተማ ነው። ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው አድርገውት ነበር፤ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽም እስከ ዛሬ አለ። ከተማው በተራሮች መካከል ተጣቦ ርዝመቱን የሄደ ነው። ስለዚህ ሕይወቱ በዋናው መንገድ ዙሪያ ይሰበሰባል። ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሸዋ በር፣ ሆጤ እያላችሁ በአንድ ሳምንት ትለምዱታላችሁ። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች፣ ትልቁ ሆስፒታል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ እዚህ ናቸው። ትምህርት ቤትም አማራጩ ሰፊ ነው። እንደ ወይዘሮ ስሂን ያለ ብዙ ትውልድ ያስተማረ ስም ያለውም እዚሁ ነው። ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለመሄድም ደሴ ይቀርባል።

ኮምቦልቻ የሥራ ከተማ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፤ በእግርም በብስክሌትም ይመቻል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ተመርቋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ያለው እዚህ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው እዚህ ነው። በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጂቡቲ የሚሄደው የጭነት መንገድም በዚህ ያልፋል። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ከየአገሩ የመጣ እንግዳም ብዙ ስለሆነ፣ አዲስ መጪ እንደ ደሴ ጎልቶ አይታይም። ይሄ ለአንዳንዱ እፎይታ ነው። ለሌላው ደግሞ ብቸኝነቱን ያበዛበታል፤ ጎረቤቱም እንደ እሱ መጤ ነውና።

አንድ የጤና ነገር በደንብ ልናገር። አገራችን ውስጥ ወባ በዋናነት ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በሽታ ነው። ደሴ ከዚያ መስመር በላይ ነው፤ ኮምቦልቻ በታች ነው። ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ዋናው ወቅት ነው። ኮምቦልቻ የምትገቡት መስከረም ላይ ከሆነ አጎበር ከአልጋው ጋር አብራችሁ ግዙ። ከደጋ የመጣ ሰው ሲያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ መዋል የለበትም። በዚያው ቀን ደም ይመርመር።

ደሴን ለሚመርጥ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። ወሎ ደጋ ክረምት ብቻ አይደለም የሚዘንበው፤ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብም አለ። ጉሙ ቀኑን ሙሉ የሚተኛበት ጊዜ ይኖራል። ልብስ አይደርቅም። ስትከራዩ የምትጠይቁት ስለ ክፍሉ ስፋት ብቻ ሳይሆን ልብስ የሚሰጣበት በረንዳ ስለ መኖሩም ይሁን።

ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ መዋል ይቻላል ወይ?

ይቻላል። ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ ግን ለመጀመሪያው ዓመት አጥብቄ አልመክርም።

25 ኪሎ ሜትር በወረቀት ላይ ቅርብ ነው። መሬት ላይ ግን መንገዱ በሐረጎ ጠመዝማዛ ከ600 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። ከባድ መኪና ፊታችሁ ከገባ እስኪያሳልፋችሁ ትጠብቃላችሁ። ጉም ሲወርድ ሹፌሩ የፊቱን መኪና ጭራ እያየ ነው የሚሄደው። ሲመሽ ሚኒባሱ እየቀነሰ ይሄዳል። መሥሪያ ቤታችሁ ሰርቪስ ካለው ድካሙ ይቀላል፤ ሰዓቱ ግን አይመለስም። በየቀኑ ወደ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ የሚሄደው በትክክል ጎረቤት የሚገኝበት ሰዓት ነው። ቤት ስትደርሱ ሲኒው ታጥቧል፣ በሩ ተዘግቷል።

ስለዚህ ፍርዴ ቀላል ነው። ሥራችሁ ደሴ ከሆነ ደሴ ኑሩ፤ ኮምቦልቻ ከሆነ ኮምቦልቻ ኑሩ። በዓመቱ ከተማውን ካወቃችሁት በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ችግር የለውም።

ከዚህ የማወጣው ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዱ በየጊዜው የስፔሻሊስት ክትትል የሚያስፈልገው ልጅ ወይም እናት ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። እሱ ሥራው ኮምቦልቻ ቢሆንም ቤተሰቡ ደሴ ቢሆን ይሻላል። የሚመላለሰው አንድ ሰው ይሁን እንጂ በሽተኛው አይሁን። ሌላው ጉም ሲገባ የሚብስበት የአስም ሕመምተኛ ነው። ለእሱ በተቃራኒው ኮምቦልቻ ቢያርፍ መልካም ነው፤ ሐኪሙን ግን ይጠይቅ።

ሥራቸው ከቦታ ያላሰራቸውስ? ሱቅ ከፋች፣ በኮምፒውተር የሚሠራ፣ ጡረተኛ። ለእነዚህ እኔ ደሴን እመርጣለሁ። ነባር ሰፈር የበዛበት እዚያ ነው። ጸጥታ የሚወድ ሰው ደግሞ ሐይቅ ከተማን ይይ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ መካከለኛ ነው፤ ዓሣው ከሐይቁ ይወጣል፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የእስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ዳር ነው። ወልድያ ግን 120 ኪሎ ሜትር ይርቃልና ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እዚያ የራሳችሁ ሥራ ካላችሁ ብቻ የሚታሰብ ነው።

ግቢ፣ ኮንዶሚኒየም ወይስ ፔንሲዮን

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ፔንሲዮን መያዝ ተገቢ ነው። ቤት በስልክ አይከራዩም። ግን ከሁለት ሦስት ሳምንት አይለፍ። ፔንሲዮን ውስጥ ሰው ሁሉ አላፊ ነው፤ ሰላም የሚላችሁ ነገ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ የአከራይ ግቢ ውስጥ ክፍል ወይም ሰርቪስ ቤት መከራየት ነው። ሌላው የራስ በር ያለው ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ነው።

ኮንዶሚኒየም ነፃነት ይሰጣል። የፈለጋችሁበት ሰዓት ትገባላችሁ፣ እንግዳ ታሳድራላችሁ፣ ማንም «ለምን መብራት አብርተህ አመሸህ» አይላችሁም። ባለትዳር ከሆናችሁና ልጆች ካሏችሁ ክፍሉም ይሻላል። ለብቻው ለሚኖር እንግዳ ግን በሩ ከተዘጋ የተዘጋ ነው።

የአከራይ ግቢ ደንብ አለው። የውጭው በር የሚቆለፍበት ሰዓት አለ። ውሃው በተራ ነው። ምጣዱ የጋራ ሊሆን ይችላል። ግን ሲያማችሁ መጀመሪያ የሚያውቁት አከራይዋ እትዬ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት ልጃቸው መጥቶ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ይላል። ሂዱ። ሥራ አለብኝ አትበሉ። የቻላችሁትን ትንሽ ነገር፣ ስኳርም ቡናም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። ሦስተኛው ሲኒ፣ በረካው፣ ሳይደርስ አትነሱ። ትልቅ ሰው ሲመርቅ እጃችሁን ዘርግታችሁ አሜን በሉ፤ ሙስሊም ቤት ከሆነ ዱዓ ነው፤ ክርስቲያኑም አብሮ አሚን ይላል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ባለሱቅ፣ ታማኙን የባጃጅ ሹፌር፣ ልብስ የምታጥበውን ልጅ፣ የጥርስ ሐኪሙን ሳይቀር ታውቃላችሁ። ይህን የትኛውም ደላላ አይሸጥላችሁም።

ስለዚህ ብቸኛ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ግቢ ውስጥ ቢኖር እላለሁ። ሴት ልጅ ለብቻዋ ስትመጣ ደግሞ ይበልጥ። አከራዮቹ እዚያው የሚኖሩበት ግቢ ይሁን እንጂ ለተከራይ ብቻ የተሠራ ተርታ ክፍል አይሁን። ሁለቱ ከውጭ አንድ ይመስላሉ፤ ኑሮው ግን ለየቅል ነው።

ቤቱን ስታዩ እነዚህን ሳትጠይቁ አትዋዋሉ። ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት ነው የሚከፈለው? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ ወይስ በበርሜል ነው የሚጠራቀመው? ደሴ ላይ ደግሞ ዳገቱን ተመልከቱ። የከተማው ጠርዞች ለናዳ የተጋለጡ ናቸው። ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ኪራዩ ቀነስ ሊል ይችላል። ከጀርባው የድጋፍ ግንብ አለው? ግድግዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ አለ? ክረምት ጎርፉ በየት ይወርዳል? ጎረቤትን ጠይቁ፤ አከራይ ከሚነግራችሁ ይበልጥ እውነቱን ይነግራችኋል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራበት የሚወስኑት ክልሎች ስለሆኑ ስድስት ወር ቅድሚያ ስትጠየቁ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ ይዛችሁ ኑ። እሱ ከሌለ የቀበሌ መታወቂያ ማውጣት ያንገላታል።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ጤፍ ለለመደ ሰው የማሽላ ቅልቅል እንጀራ ቆላው አካባቢ ይበዛል፤ ይለመዳል። ሥጋ ቤቱ የክርስቲያን ወይም የሙስሊም መሆኑ ምልክት አለው። በሁለቱም ከተሞች ሁለቱም በብዛት አለ።

ቅሬ ወይስ የመሥሪያ ቤት እድር

አዲስ አበባ እድር የሚባለው ወሎ ላይ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት መቃብሩን የሚቆፍረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው፣ ድንኳኑን የሚተክለው ቅሬው ነው። በብዙ ሰፈር ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ናቸው። የሽኝቱ ሥርዓት ይለያያል እንጂ ቆፋሪውና ለቀስተኛው አንድ ሰፈር ነው።

እንግዳ ሰው «እኔ እዚህ ላልሞት ቅሬ ምን ያደርግልኛል» ይላል። መሥሪያ ቤቴ እድር አለው፣ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ይበቃኛል ይላል። የመሥሪያ ቤት እድር ጥሩ ነው፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ስልክ ተደውሎ ወላጅ ሞተ ቢባል ትራንስፖርት ይሸፍናል፣ ባልደረባ ይሸኛችኋል። ነገር ግን ከሥራ ስትወጡ እሱም ይቀራል። ማታ አራት ሰዓት ላይ ምጥ ሲመጣም የመሥሪያ ቤቱ እድር ሰብሳቢ ሌላ ሰፈር ነው ያለው።

ቅሬ የሚጠይቀው ከገንዘቡ ይልቅ መገኘትን ነው። ለቀብር ካልወጣችሁ ቅጣት አለ፤ ከቅጣቱ የሚከብደው ግን ስማችሁ ነው። ስለዚህ የሥራ ሰዓታችሁ የማያፈናፍን ከሆነ፣ ለምሳሌ የፋብሪካ ፈረቃ ከሆነ፣ ስትመዘገቡ ቅሬውን ለሚመራው ዳኛ አስቀድማችሁ ንገሩ። በእናንተ ፋንታ የትዳር ጓደኛ ሊወጣ ይችል እንደሆነ፣ ማታ ለቅሶ መድረስ ይበቃ እንደሆነ ይነግሩአችኋል። ሳይናገሩ መቅረት ነው የሚያጣላው።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ቅሬን እመርጣለሁ። ከዓመት በላይ የሚቆይ ሰው ሁለቱንም ቢገባ ግን ወጪው አይከብድም። መቼ? ሰፈሩን በለመዳችሁ በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ። አከራያችሁ ወስደው ቢያስመዘግቧችሁ ይሻላል። ሰው የሚገባው በሰው ነውና።

አንድ ነገር አክሉበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ውስጥ ገብቶ ነበር። ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ፋብሪካ ተዘርፏል፣ ወድሟል። ሰው ሞቷል። ጎረቤቶቻችሁ በዚያ ያለፉ ናቸው። እነሱ ካላነሱት እናንተ በቡና ላይ አታንሱት። ካነሱት ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ወደ ቤተሰብ መመላለስና የመጀመሪያው በዓል

ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ምርጫው አውሮፕላን ወይም አውቶቡስ ነው። ከኮምቦልቻ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ደሴ የሚኖር ሰው ሐረጎን ወርዶ ነው የሚሳፈረው፤ የጠዋት በረራ ከሆነ ጉሙን አስቡና ሰዓት ጨምራችሁ ውጡ። አውቶቡሱ በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ብርሃን አድርጎ ቀኑን ይፈጃል። ከዋጋው በፊት መንገዱን ጠይቁ። የዕለቱን ሁኔታ የሚያውቁት መነኻሪያ ያሉት ሹፌሮች ናቸው። ምሽት አትጓዙ።

የመጀመሪያውን በዓል ግን፣ ከቻላችሁ፣ እዚያው ዋሉ። ፋሲካም ይሁን ዒድ፣ ገናም ይሁን መውሊድ። ቤተሰብ ይናፍቃል፤ አውቃለሁ። ግን ጎረቤት ለበዓል ሰፈሩ የቀረውን እንግዳ አይረሳም፤ እንግዳው ቤቱ ገብቶ በልቷልና። ክርስቲያን ከሆናችሁ በዒድ ቀን ቤታቸው ሄዳችሁ እንኳን አደረሳችሁ በሉ። ሥጋውን ባትበሉ ቅር አይላቸውም፤ ወሎ ይህን ኖሮበታል። ዳቦም ቡናም ያቀርቡላችኋል።

እናንተ ስትጠሩ ደግሞ እንዲሁ አስቡ። ለሙስሊም ጎረቤት ዶሮ ልታቀርቡ ከፈለጋችሁ አራጁ ሙስሊም ይሁን፤ ከጎረቤት አንዱን «እረዱልን» ብትሉ በደስታ ይመጣሉ። ድስቱም የተለየ ይሁን፤ ከሰፈሩ ሰው ተዋሱ። ይህ ሁሉ ካልተመቻችሁ ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን ሠርታችሁ ሁሉንም በአንድ ማዕድ አስቀምጡ። ቡናውን ከምግቡ በኋላ እዚያው አፍሉ፤ አከራያችሁን እትዬን ደግሞ ከዋዜማው ጠርታችሁ ምን እንደሚጎድል እንዲያዩላችሁ ጠይቁ።